ጫልቱ በትክክል ነው የጠራችው

ሠራችው! ጫልቱ ሠራችው!

ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ ከጉደር የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ስከፍተው መጀመሪያ የሰማሁት ፉጨትና የጠረጴዛ ድብደባ ነው፤ ከዚያ የጫልቱ ድምፅ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፦ «ቤዛ! አንደኛዋን አጠፋናት፣ ሁለተኛዋ ቀጠለች! አንድም ልጅ ሳያውቅ ቀጠለች!» እኔም እዚያው አስፋልቱ ዳር ዘለልኩ። እንደ ሕፃን ዘለልኩ። አንድ ባለባጃጅ ቀስ ብሎ በአጠገቤ ሲያልፍ «እህት፣ ማትሪክ መጣ እንዴ?» አለኝ። «ከማትሪክ ይበልጣል!» አልኩት። እውነቴን ነበር። ይህን ስጽፍም ደስታው ገና አልለቀቀኝም፤ ጣቴ ከሐሳቤ እየቀደመ ነው።

መልእክቱ መጨረሻ ላይ ግን ጫልቱ አመሰገነችኝ። እኔን!

ስለዚህ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ልነግራችሁ ነው። እናቴ አታውቅም። የቅርብ ጓደኞቼ አያውቁም። የንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ቀርቤ ሐሜቱን፣ የገደፍኩትን ጾም፣ እናቴ ላይ ያነሳሁትን ድምፅ ስዘረዝር ይቺን እየዘለልኩ ነው የተመለስኩት። እሳቸው «ሌላስ?» ይሉኛል፤ እኔ «ይኸው ነው አባ» እላለሁ። ይኸው አልነበረም። መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት ዘንድሮ ነው፤ በኮምፒውተር ክበባችን ገጽ ላይ ያወጣኋቸውን ጽሑፎች አንብባችሁ «ቀጥይ፣ ቀጥይ» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። እንግዲህ ቀጠልኩ። ጎበዝ ያላችኋት ልጅ ምን እንደሠራች አንብቡ።

አሥረኛ ክፍል ነበርን። ጫልቱ ከካቺሲ ገጠር መጥታ አምቦ ላይ ከዘመዷ ልጅ ጋር ቤት ተከራይታ ትማር ነበር። እኔ የከተማው ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ኮምፒውተር ነበረን፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሳላይ እጽፋለሁ። ጫልቱ ኪቦርድ የነካችው እኛ ክበብ ስትገባ ነው፤ ፊደሉን በአንድ ጣት እየፈለገች ትጫናለች። ታዲያ ያቺ በአንድ ጣት የምትጽፍ ልጅ ዓመቱ ሳይጋመስ ሁላችንንም አለፈችን። እኔንም አለፈችኝ። እኔን ማለፏን ልብ በሉልኝ፤ ለሠራሁት ሌላ ምክንያት እንድትፈልጉልኝ አልፈልግም።

ጉዳዩ እንዲህ ነበር። ለማትሪክ መለማመጃ ጥያቄዎች የምንሠራበት ኮምፒውተር ቤተ ሙከራችን ውስጥ አለ። አምቦ ላይ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግርም። መብራቱ እልም ሲል የሠራኸው ሁሉ አብሮ እልም ይላል፤ ከአንድ እንደገና። ቲቸር ታደሰ፣ የክበባችን ኃላፊ፣ አንድ ቀን «የማይወድቅ አድርጉልኝ» አሉን። ሐሳቡ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ነበር። ቨርቹዋል ማሽን ማለት ኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። አንደኛዋን ዴስክቶፑ ውስጥ፣ መንትያዋን ባትሪ ያላት ላፕቶፕ ውስጥ አኖርናቸው። ተማሪው በስልኩ ይሠራል፤ አንደኛዋ ታስተናግደዋለች፤ ሁለተኛዋ ዝም ብላ እኩል ትከተላለች። አንደኛዋ ከወደቀች ሁለተኛዋ ከዚያው ትቀጥላለች።

ይህ እንዲሆን ግን በኔትወርኩ የሚያልፈውን እየለየ የሚመራ በረኛ ያስፈልጋል። ከተማሪው የሚገባው ሁሉ ተቀድቶ ለሁለተኛዋም መድረስ አለበት። ሁለተኛዋ የምትሰጠው ምላሽ ደግሞ ተማሪው ጋ ሳይደርስ ተጠልፎ ከአንደኛዋ ምላሽ ጋር መመሳከር አለበት፤ አለዚያ አንድ ተማሪ ሁለት ምላሽ ይመጣበታል። ለዚያ በረኛ የሚሰጡትን ትእዛዞች የነደፈችው ጫልቱ ናት። እኔ አይደለሁም። ዛሬ ሰው ሁሉ ያስተካከልኩትና እንዲሠራ ያደረግኩት እኔ ነኝ ብሎ ያምናል፤ እኔም ዝም ብዬ አሳምኛለሁ።

ዋናዎቹ ትእዛዞች ረጃጅም እንግሊዝኛ ናቸው፤ ማንም አይይዛቸውም። ጫልቱ አሳጠረቻቸው። ምን ይደረግ፣ ከየት፣ ወዴት፣ በመጨረሻም አቅጣጫው፦ የሚገባው ነው ወይስ የሚወጣው? አቅጣጫውን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል እንዲጻፍ አደረገችው። «ሴኒ» ካልከው የሚገባውን ይይዛል፣ «በኢ» ካልከው የሚወጣውን። አምቦ ውስጥ ግባና ውጣ ተብሎ ያላደገ ልጅ የለም፤ ማን ይረሳዋል? ቲቸር ታደሰ ሳቁና «ይህቺ ልጅ ኮምፒውተሩን አፋን ኦሮሞ አስተማረችው» አሉ። ደግሞ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አለች፦ አቅጣጫ ካልተነገረው ትእዛዙ መሥራት የለበትም። «ዝም ብሎ አይገምት፣ ይጠይቅ» ትል ነበር። ስለዚህ ያልተነገረውን ይጠይቃል። የተዋሸውን ግን ያምናል።

ስንት ቀን ተቀምጬ ስትነድፍ አይቻታለሁ፤ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ መስመር እየሠራች፣ «ይቺ እዚህ ከመጣች ያቺ የት ትሄዳለች?» እያለች ከራሷ ጋር ስትከራከር። ያምር ነበር። ማማሩን አይቻለሁ። ስላማረ ነው የጠላሁት።

«ካቺሲ ኔትወርክ በምንድነው የሚመጣው፣ በበሬ ነው?» ብያታለሁ አንድ ቀን፣ ሁሉም ባለበት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ጫልቱ ራሷም ሳቀችና «በበሬ ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋ አይቆምም» አለች። ሳቁ ዞረብኝ። ከዚያ ወዲህ የምትናገረውን አማርኛ ከኋላዋ እያስመሰልኩ ማሳቅ ልማዴ ሆነ። እሷ ስትዞር እኔ ደብተሬን አያለሁ። እንደዚህ ነበርኩ።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ለክረምት አዳማ የሚሰጥ ሥልጠና ነበር፤ ከክበባችን አንድ ሰው ብቻ። ቲቸር ታደሰ ከጎረቤት ከተሞች መምህራንን ጠርተው፣ ወላጆችም ባሉበት ሥራው እንዲታይ አዘጋጁ። የምትሄደው ጫልቱ እንደሆነች ሁላችንም አውቀናል። አባቷ ኦቦ ረጋሳ ከካቺሲ በጠዋት መኪና መጡ፤ ለቲቸር ታደሰ ማር ይዘው፣ ከፊት ወንበር ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

አሠራራችንን ልንገራችሁ፤ በደሌ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጫልቱ ትእዛዞቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። ከክፍሉ ማዶ ላፕቶፑ ጋ ትቆማለች፣ የሚደርሰው የሚታየው እዚያ ስለሆነ። እኔ ስለምፈጥን ዴስክቶፑ ላይ እቀመጣለሁ። እሷ ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ መስመር ከጠራች በኋላ «ገባ?» ትላለች፤ እኔ «ገባ» እላለሁ። «ገባ» ካልኩ መጥታ አታይም። አንድም ቀን መጥታ አይታ አታውቅም። ምን ያደርግላታል፣ በእኔ ዓይን ነበር የምታየው።

የዚያን ቀን ጠዋት መብራት ጠፍቶ መጣ። በዋዜማው አስገብተን የሞከርነው፣ እንደ ሰዓት የሠራው ሁሉ፣ እንደገና መግባት ነበረበት። እንግዶቹ ግቢው ውስጥ ደርሰዋል። ጫልቱ ማዶ ቆማ ጠራች፦ ቅዳ፣ ከአንደኛዋ፣ ወደ ሁለተኛዋ፣ ሴኒ። ጥርት አድርጋ ነው የጠራችው። እኔ «በኢ» ብዬ ጻፍኩ።

«ገባ?»

«ገባ።»

እጄ ተሳስቶ ነው? አይደለም። ቸኩዬ ነው? አይደለም። አስቤበት ነው። ትእዛዙን ጨርሶ ባልጽፈው ላፕቶፑ ላይ ምንም ስለማይደርስ ወዲያው ታውቃለች። «በኢ» ስለው ግን የሚወጣውን ቀድቶ ይልክላታል፤ የሆነ ነገር እየደረሰ ስለሆነ ምልክቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። የተማሪዎቹ መልስ ግን አይደለም። ምላሾቹን የሚያመሳክረውንም ስትጠራ «ገባ» አልኳት፤ አላስገባሁትም፣ ልዩነት አይቶ እንዳይጮህ። የክፋቴን ጥራት ታያላችሁ? ለትምህርቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም። ጫልቱ ብልጭታውን አይታ ከማዶ አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። እኔም አነሳሁላት። ፈገግ ብዬ።

እንግዶቹ ገቡ። ተማሪዎች በስልካቸው ጥያቄ መሥራት ጀመሩ። ቲቸር ታደሰ «አሁን ዴስክቶፑን እንነቅላለን» ሲሉ እኔ ብድግ አልኩና «ኦቦ ረጋሳ ይንቀሉልን እንጂ ቲቸር! የልጃቸው ሥራ አይደል?» አልኩ። ክፍሉ አጨበጨበ። ምን ዓይነት ጥሩ ልጅ ናት ያለኝም አይጠፋም። በእሳቸው እጅ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ይህን ማንም አላዘዘኝም፣ ቦታውን ለማግኘትም አያስፈልገኝም ነበር። ትርፍ ነው። ለጣዕሙ የጨመርኩት ነው።

ኦቦ ረጋሳ ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ልጃቸውን አዩ። በአፋን ኦሮሞ «ይንቀሉት» አለቻቸው፤ ፊቷ በርቶ ነበር። ነቀሉ።

ስልኮቹ ቆሙ። ከዚያ ሁለተኛዋ ተነሳች፤ ባዶዋን ተነሳች። የማንንም መልስ አታውቅም፣ ማንንም አታውቅም።

«ስምህን አስገባ ይላል! እንደገና ልመዝገብ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ተኝታ ነው፣ ውኃ ርጩባት!»

«በሬው ቆመ!» አለ ሌላው፣ ክፍሉም በአንድ ጊዜ ሳቀ። ያንን ቀልድ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ኦቦ ረጋሳ ገመዱን እንደያዙ ናቸው። «ማል ተኤ? ምን ሆነ? እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» ይላሉ፤ ጎንበስ ብለው መልሰው ሊሰኩት ግድግዳው ላይ ቀዳዳውን ይፈልጋሉ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያ ነው። ያን ጊዜ ግን ዓይኔን አልጨፈንኩም። አየሁ። ጠግቤ አየሁ።

ዴስክቶፑ መልሶ ሲበራ ቲቸር ታደሰ የጻፍኳቸውን ትእዛዞች መዝገብ ከፍተው አይተው «በኢ ነው እኮ የሚለው፤ ማነው እንዲህ ያለው?» አሉ። ጫልቱ ከማዶ «ሴኒ ብዬ ነው የጠራሁት» አለች። እኔ ደግሞ፣ ቀስ ብዬ፣ እንዳዘነላት ሰው፣ «በኢ ነው ያልሽው ጫልቱ። እኔ የጠራሽውን ነው የጻፍኩት» አልኩ።

አየችኝ። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ፣ «ዋሽተሻል» ብትለኝ ኖሮ ዛሬ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። አልጠረጠረችኝም። አመነችኝ። ከራሷ አፍ ይልቅ የእኔን ጆሮ አመነች። «እንግዲያው ደንግጬ ነው» አለች።

ቁጭ ብዬ ትእዛዞቹን እንደገና ሳስገባ «በኢ»ን አጥፍቼ «ሴኒ» ጻፍኩ፤ የደበቅኩትንም ማመሳከሪያ አብሬ በስውር መለስኩ። ተማሪዎቹ እንደገና ጀመሩ፤ በዚህ ጊዜ ራሴ ነቀልኩት። ሁለተኛዋ ቀጠለች። እንግዶቹ ተነስተው አጨበጨቡ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። አዎ፣ እጅ ነሳሁ! አዝኜ ነበር ብዬ ልዋሻችሁ? ደስ አለኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ ደስ አለኝ። ትናንት አስፋልቱ ላይ የዘለልኩት ደስታና ያን ቀን ሲያጨበጭቡልኝ የተሰማኝ ደስታ አንድ ሰው ውስጥ ነው ያሉት፤ ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ሌላ ቤዛ የለችም።

ስንወጣ ኦቦ ረጋሳ በር ላይ ቲቸር ታደሰን «ይቅርታ አድርጉላት፣ ልጅ ናት» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወደ እኔ መጡና እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ። «ተባረኪ። ልጄን በሰው ፊት አነሳሽልኝ» አሉኝ። እኔ «አሜን» አልኩ። እንዴት አልኩት? አፌ እንዴት እሺ አለኝ? እሺ አለኝ እንጂ። መረቁኝ፣ ምርቃቱን ተቀበልኩ፣ ወደ ቤቴ ሄጄ ምሳዬን በላሁ።

አዳማ የሄድኩት እኔ ነኝ። እዚያ ያገኘኋቸውን ልጆች «አንዲት የገጠር ልጅ ነበረች» ብዬ ይህንኑ ታሪክ እያስመሰልኩ አስቄአቸዋለሁ። ጫልቱን አባቷ በሚቀጥለው ዓመት ጉደር አክስቷ ቤት አስገቧት፤ «ዘመድ አጠገብ ይሻላታል» ብለው። ክበቡ ውስጥ ማንም አልጠየቀም። እኔ የክበቡ ሊቀ መንበር ሆንኩ።

አሁን የመልእክቱን መጨረሻ ስሙ። እንደዘለልኩ፣ ባለባጃጁ ገና እየሳቀብኝ፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ እንዲህ አለች፦ «ቤዛ፣ አንቺ ያን ቀን ባታስተካክዪው ኖሮ ነገሩ ይሠራል ብዬ አላምንም ነበር። አልረሳልሽም። እኔ ግን አሁንም በአፌ አልጠራም፤ አፌን አላምነውም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለችኝ፣ እሷ ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።» ቀጥላም ሳቀች።

እነዚያን ትእዛዞች አንድ በአንድ የወለደችው አፍ ነው! እኔ ነኝ የዘጋሁት። በአንድ ውሸት ዘጋሁት፣ እሷ ደግሞ በየቀኑ እየቆለፈችው ኖረች። የእኔ «በኢ» ከዴስክቶፑ ላይ ወዲያው ጠፍቷል፤ ከእሷ ላይ ግን ማን ያጥፋው? ልጅ ነበርኩ ልበል? እሷስ ልጅ አልነበረችም? ቅናት ነው ልበል? ስሙን ማወቄ ምን ይፈይዳል? ይቅርታ እንድታደርጉልኝ አልጠይቃችሁም፤ እናንተ የምትሰጡት አይደለም። እሷንም አልጠየቅኳትም። ይቅርታ ብጠይቃት ደግሞ አንድ ሥራ እሰጣታለሁ፣ እኔን የማጽናናት ሥራ።

ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ቲቸር ታደሰ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ «ኦቦ ረጋሳ ያመጡልኝን ማር እኮ በላሁት» አሉና የክበቡን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ በእጃቸው አሳዩኝ። አስቀመጥኩ። ለጫልቱም በድምፅ ላክሁላት፣ ሳላሳምር፦ «ሴኒ ነው ያልሽው። በትክክል ነው የጠራሽው። በኢ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሆን ብዬ ነው። አፍሽ አልተሳሳተም።» ሰምታዋለች፣ ምልክቱ ያሳያል። አልመለሰችም። መመለስም የለባትም።

እዚህ የጻፍኩት ደግሞ ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ስለነበራችሁ ነው። የሰማችሁት ውሸት ስለሆነ ነው። ያ ንድፍ የጫልቱ ነው፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የእሷ ነው፣ እንዲያውም ከተነደፈ ጀምሮ ትክክል ነበር። ይህን ስጽፍ፣ ታምኑኛላችሁ አታምኑኝም፣ እያለቀስኩ አይደለም። ደስ ብሎኛል። ሁለተኛዋ ቀጥላለች እኮ! እኔ ያጠፋሁባት ልጅ ራሷ ቀጥላለች፤ እኔን ሳትጠብቅ፣ እኔን ሳትፈልግ። ደስታዬ የማይገባኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ውሸት ጽፌ አልጨርስም።

ቅዳሜ ጠዋት ጉደር፣ ትምህርት ቤቷ ውስጥ፣ ጫልቱ ሥራዋን በሰው ፊት ታሳያለች። አባቷም ከካቺሲ ይመጣሉ። ከእኔ መልእክት በፊት የላከችው ግብዣ እንዲህ ይላል፤ ቃሏን ሳልነካ ላስተላልፍ፦ «ያን ቀን የነበሩት ሁሉ ይምጡ፣ የሳቁትም ይምጡ፣ ቦታ አለ።» ከአምቦ መናኸሪያ ሚኒባሱ ጠዋት ቶሎ ቶሎ ይሞላል፤ ኑ። ተማሪም፣ መምህርም፣ ወላጅም፣ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። እኔም እመጣለሁ። ጫልቱ በር ላይ ካቆመችኝ ግን አጠገቤ ቆማችሁ እንዳትለምኑልኝ፤ እኔን አልፋችሁ ግቡ።